ከሽሮሜዳ እስከ ታጁራ፦ የጉዞ ዝግጅት ማስታወሻ

ጥቅምት 9፣ 2018

ቀኑ ተቆርጧል። ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት፣ በራሳችን መኪና ከሽሮሜዳ ተነሥተን ጅቡቲ ያለው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ እንወርዳለን። ተጓዦቹ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስተኛ ክፍል የሆነው ልጃችንና አጎቴ ነን። መኪናዋ ባለ አምስት በር ቪታራ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት፣ ቤንዚን የምትጠጣ፣ በእኔ እጅ ከአዳማ ወዲያ ተሻግራ የማታውቅ።

ወሩን የመረጠልን ሙቀቱ ነው። ጅቡቲ በክረምታችን ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚነድ አገር ነው፤ በጥር ግን ቀኑ 28 እና 29፣ ሌሊቱ 22 አካባቢ ይውላል። ዘንድሮ ረመዳን በየካቲት መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይገባል። ቀን ቀን ምግብ ቤት በሚዘጋበት ወቅት ልጅ ይዞ በአፋርና በጅቡቲ መንከራተት ስላልፈለግን ጥር ላይ ተስማማን።

አጎቴ መቀመጫ ሊሞላልን አይደለም የሚሄደው። ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ይዞ አሰብ ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነው፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። «ጋሼ፣ ጠቅላላው ስንት ኪሎሜትር ይሆናል?» ብዬ ስጀምር አላስጨረሰኝም።

«እሱን ተወው። ሚሌን በስንት ሰዓት ታልፋታለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዛሬ ጀምሮ ዕቅዱን የምሠራው በሰዓት ነው።

ጥቅምት 14

ከልጄ የሒሳብ ደብተር ባለ አራት ማዕዘን ወረቀት ገንጥዬ የመንገዱን ከፍታ ሣልኩት፤ አግድሙ ርቀት፣ ቁመቱ ሜትር። ሽሮሜዳ 2,500 አካባቢ፣ አዳማ 1,700፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ 1,000፣ ገዋኔ 600፣ ሚሌ 500፣ ሰመራ 400 ከምናምን።

ሣልኩና ትንሽ ደነገጥኩ። ተራራው ለካ በመጀመሪያው ጠዋት ያልቃል! እስከ ጅቡቲ ከተማ ካለው 910 ኪሎሜትር ገደማ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 225 ብቻ ከቁልቁለቱ ከግማሽ በላዩን ይጨርሱታል። የቀረው ረጅም፣ ሜዳማ፣ ሞቃት በረሃ ነው። ከሰመራ ወዲያ ደግሞ መሬቱ ወደ ባሕር የሚወርድ ይመስላል እንጂ አይወርድም፤ ድንበሩን ተሻግሮ ዲክሂል ላይ ተመልሶ ወደ 500 ሜትር ይወጣል።

የአዋሽ ወንዝም የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎሜትር ያህል ይጓዝና ባሕሩ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ድንበሩ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያከትማል። ለልጄ ሳሳየው «እኛስ እንደርሳለን?» አለኝ። እኛ ሞተር አለን አልኩት።

ሌላም አለ። ታጁራ ለመድረስ በአሳል ሐይቅ በኩል ነው የሚታለፈው፤ አሳል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከሱ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። ውሃው ከጎኑ ካለው ከጉበት ባሕር ሠርጎ የሚገባ የባሕር ውሃ ነው፤ ፀሐይ ስታተነው ጨዉ ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። የዚህ መንገድ የመጨረሻ ክፍል እንግዲህ ወደ ባሕር ሽቅብ የሚወጣበት ነው።

ጥቅምት 22

መንገድ መረጣ።

አጎቴ ልቡ ያለው በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር ዋሻ፣ በኮምቦልቻና በባቲ በሚወርደው የድሮ መንገዱ ላይ ነው። ጣርማ በር ላይ 3,000 ሜትርን አልፎ፣ ከባቲ ወዲያ ሚሌ ላይ በረሃው ውስጥ ዱብ ማለት እውነትም ያምራል። በአሁኑ ጸጥታ ግን ልጅ ይዤ አልሞክረውም። እሱም ብዙ አልተከራከረም።

ድሬዳዋ በኩል ያለው ለምግብና ለመኝታ ይሻላል። ከአዋሽ ወዲያ ጭሮና ቁልቢ ላይ እንደገና ደጋ ይወጣል፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬ ይወርዳል፣ ከዚያ በደወሌ ጅቡቲ ይገባል። ባለቤቴ ድምጿን የሰጠችው ለዚህ ነበር። እኔን የከበደኝ የመልሱ ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ፣ ከአዋሽ ወደ አዳማ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፤ ሦስት ዳገት ለአሮጌ ሞተር ብዙ ነው።

በካርታ ላይ አጭሩ ከዲቾቶ በኤሊዳር ወደ በልሆ ታጥፎ በቀጥታ ታጁራ የሚወርደው ነው። ከበልሆ እስከ ታጁራ 112 ኪሎሜትር፣ አዲስ አስፋልት፣ የከባድ መኪና ወረፋ የሌለበት። የጣልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ዕቃ ከመቶ 90ው በላይ በጅቡቲ ስለሚያልፍ በጋላፊ የድንበር ኬላ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ቀንና ሌሊት ቦቴና ተሳቢ ነው። ሰው በዚህ ያማርራል። እኔ ግን በረሃ ላይ ብቆም፣ ክሪክና ገመድ ያለው ሹፌር በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ እመርጣለሁ።

ስለዚህ፦ አዳማ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ ዲክሂል፣ ከዚያ ጅቡቲ ከተማ ሊደረስ 51 ኪሎሜትር ሲቀር («ፒኬ 51» ይሉታል) ወደ ግራ ወደ አሳልና ታጁራ።

ኅዳር 2

ጋራዥ ዋልኩ። የቪታራዋ ራዲያተር ውስጥ ዝገት የጠጣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው ያለው። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደው ቫልቭ) የለም፤ በሆነ ዘመን አንድ ሜካኒክ አውጥቶ ጥሎታል። ይህ በከተማችን የታወቀ ሕክምና ነው፤ መኪና ሞቀች ከተባለ መጀመሪያ የሚወጣው ቴርሞስታት ነው። ሽሮሜዳ ብርድ ላይ ማንም አይነቃበትም። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚውል ቤንዚን ትንሽ በዛ አድርጎ ይበላል፣ በቃ።

በረሃ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ 100። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው፤ ግፊት አፍኖ ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ያ ግፊት የለም። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል ደግሞ መፍያውን በተጨማሪ ይገፋዋል፣ ዝገቱንም ያስቆማል።

ይህን ከሜካኒኩ ጋር ስናወራ አንድ ነገር ገባኝ። የሚያስፈራው መውረዱ አይደለም፤ ስንወርድ ሞተሩ አይደክም፣ አየሩም እየወፈረ ጉልበት ይጨምርለታል። የሚያስፈራው መመለሱ ነው። በረሃ የዋለ ሞተር ዳገት ሲጀምር ሥራው ይበዛል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ውሃው በቶሎ ይፈላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የመልሱ ዳገት በማለዳ ብርድ መወጣት አለበት። ወረቀቱ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ዛሬ የተሠራ፦ ራዲያተር ታጥቧል፣ ቴርሞስታትና ክዳን አዲስ፣ ኩላንት ግማሽ በግማሽ፣ ላይኛውና ታችኛው ቱቦ ተቀይረዋል። የድሮውን ቱቦ አልጣልኩትም፤ ገና ስላልሞተ መለዋወጫ ይሆናል። ቺንጋው ደህና ነው፤ ለጥንቃቄ አንድ ገዛሁ።

ኅዳር 8

ጎማ። ይህን ክፍል ወድጄዋለሁ።

ሰዉ ሁሉ «በረሃ ስትገባ ንፋስ ቀንስ» ይላል። አጎቴ «አትንካው» ይላል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጎሚስታው ሲለካ የሚያየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሽሮሜዳ ላይ የውጭው አየር ስስ ነው፤ ባሕር ላይ ከዚህኛው በ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ እዚህ 32 የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይቀየር ኖሮ፣ ታጁራ ላይ 28 ባሳየ ነበር። ግን ሙቀቱ ይቀየራል። ከሽሮሜዳ ማለዳ 10 ዲግሪ ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ በውስጥ ያለው ንፋስ ተለጥጦ ወደ 4 ፒኤስአይ ይጨምራል። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ሰባት ሺህ ጊዜ የሚባለው ምክር ከሸፈ፣ አጎቴ ልክ!

ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ራሱን በራሱ ያግላል፤ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ የሚፈነዳውም እሱ ነው። አሸዋ ላይ ንፋስ መቀነስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛ ከአስፋልት አንወጣም። ደንቡ፦ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ መለካት፣ ከነዱ በኋላ የጋለ ጎማ ላይ ንፋስ አለማስተንፈስ።

ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ ዕድሜው ነው። የጎማ ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3216 ከተባለ እ.ኤ.አ. የ2016 32ኛ ሳምንት ማለት ነው። አራቱ ጎማዎቼ ደህና ናቸው። ስኮርታው ግን ጥርሱ ሙሉ፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ ነው። ተቀየረ። ክሪኩንም ሞከርኩት፤ ዘይት ያፈሳል፤ እሱም ተቀየረ።

ኅዳር 16

ከትናንት በስቲያ ሐይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከኤርታሌ በስተደቡብ ያለ፣ በታሪክ ፈንድቶ እንደሚያውቅ ያልተመዘገበ እሳተ ገሞራ ነው። አመዱ ከ10 ኪሎሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል፤ አውሮፕላን አስቀርቷል። ቤት ውስጥ ስልኩ አላረፈም። «ወደዚያ ነው ልጁን የምትወስዱት?»

ካርታ ዘረጋሁ። ቦታው ከሰመራ በስተሰሜን ከ150 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፤ አመዱም መንገዳችን ላይ አልወረደም። አፍዴራ አካባቢ ያሉት አርብቶ አደሮች ግን ግጦሻቸው አመድ ለብሷል፤ ወሬው ሁሉ ስለ በረራ ሲሆን ያሳዝናል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ መንገድ ይበልጥ የሚመለከተው ዓምና ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለወራት መሬቱ ሲሰነጣጠቅ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀየው ሲነሣ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነው ሳንቀር ሌሊት እየነቃን ነበር። እኛ የመጀመሪያዋን ሌሊት የምናድረው እዚያው ደጅ፣ አዋሽ ላይ ነው። ፎቅ የሌለው ማደሪያ መርጫለሁ።

አጎቴ የራሱ የመረጃ መረብ አለው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ማን አለፈ፣ ዝናብ የት ወረደ፣ ምን ተፈጠረ። ሹፌሮቹም ይህንኑ በስልክ ያደርጉታል። ገዋኔና አዳይቱ አካባቢ በአፋርና በኢሳ መካከል ያለው ግጭት አልፎ አልፎ መንገዱን ያዘጋዋል፤ ያን ዕለት ማለዳ ከሎግያ የመጣ ሹፌር ሳይጠየቅ ከአዋሽ አንነሣም። ሌሊትም አይነዳም። ግመል መብራት የለውም፣ አንዳንዱ ተሳቢም እንደዚያው።

ኅዳር 28

የሙከራ ጉዞ፣ አዋሽ ደርሶ መልስ። ትናንት በቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ይዘን አዳማ፣ ከዚያ ወለንጪቲ፣ መተሐራ። በሰቃ ሐይቅ መንገዱን ከሁለት በኩል ከቦት ተኝቷል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎሜትር ያህል የነበረ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው፤ አሮጌውን መንገድና ሐዲድ እያባረረ መጥቷል። ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ «ይሄ ነው ባሕሩ?» አለ። ገና ነው አልነው።

አዋሽ ጾም በየዓይነቱ በልተን አደርን። የድሮው የፈረንሳዮቹ ባቡርም ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛውን እዚሁ ያሳድር ነበር፤ ቀጣዩ ማደሪያ ድሬዳዋ፣ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ። የእኔም ዕቅድ ሦስት ቀን ነው። መቶ ዓመት አልፎ ብዙ አልቀደምናቸውም።

ፈተናው ዛሬ ነበር። ሆን ብዬ ከቀኑ 7 ሰዓት ከአዋሽ ተነሣሁ፤ ኤሲ ተከፍቶ፣ አራት ሰው ተጭኖ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ታስሮ። እስከ መተሐራ ምንም የለም። ከወለንጪቲ ወዲህ ከአንድ የተጫነ ተሳቢ ኋላ ተጣብቄ ቀስ ብዬ ስወጣ መርፌዋ ከመሐል ተነሥታ መውጣት ጀመረች። ኤሲ ዘጋሁ፣ የማሞቂያውን አየር ወደ ውስጥ ለቀቅኩት (ተሳፋሪው ቢጮህም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል)፤ ተመለሰች። ተሳቢውን አልፌ አየር ሳገኝ ደግሞ ጭራሽ ወረደች።

አጎቴ ወዲያው ፈረደ፦ «ስትሮጥ የማትሞቅ፣ ስትዘገይ የምትሞቅ መኪና ራዲያተሯ ጤነኛ ነው። ፋኗን እይ።» ማምሻውን ሞተሩን አሙቄ አጥፍቼ ፋኑን በእጄ ባሽከረክረው ያለ ምንም ተቃውሞ ዞረ። የፋን ክላቹ ውስጥ ያለው ሲሊኮን ዘይት አልቋል፤ ሲሞቅ መያዝ ሲገባው ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ይህን ጅቡቲ ላይ ከመስማት ወለንጪቲ ላይ መስማት ይሻላል።

ታኅሣሥ 3

የፋን ክላች ተገኘ፣ ተገጠመ። ሜርካቶ ውስጥ ያለ ባለ ሱቅ ካልሆነ በቀር ለዚህች መኪና ማንም ዕቃ አይይዝም። አንድ ወዳጄ «ሽጠሃት ኤሌክትሪክ መኪና ግዛ» ይለኛል። ለከተማ ልክ ነው። ከአዋሽ እስከ ታጁራ ግን ቻርጅ እየፈለግሁ ልሄድ አልችልም።

ታኅሣሥ 9

ወረቀት። ለሰዉ ፓስፖርትና የጅቡቲ ቪዛ፤ ለመኪናዋ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ከጉምሩክ ጊዜያዊ መውጫ ፈቃድ። ሁለት ቢጫ ነገሮች እንዳይምታቱ፦ አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፣ ለሰው፤ ሌላው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው፣ ለመኪና፤ እዚህ የገባነው የሦስተኛ ወገን መድን ድንበር ተሻግሮ እንዲሠራ የሚያደርገው እሱ ነው። አንድ መስኮት ላይ የክትባት ካርዴን ለመኪናዋ ሳቀርብ ጸሐፊዋ በሳቅ ሞተች።

ገንዘብ፦ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.7 ተቆልፏል፤ ስለዚህ ምንዛሪ ላይ ማንም አያታልለንም። ኑሮው ግን ውድ ነው፤ ደረቅ ስንቅ ከዚህ እንይዛለን። ቋንቋውን አልፈራሁትም፤ በየምግብ ቤቱ አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም። ሰዓቱን ነው ለባለቤቴ ያስጠነቀቅኳት። ፀሐዩ አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን ስድስት ሰዓት ይለያያል፤ «በ8 ሰዓት» ብለው ከቀጠሩን ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው።

ታኅሣሥ 17

ነዳጅ፣ ውሃ፣ ስንቅ።

በሙከራው መቶ ኪሎሜትር 10 ሊትር ያህል ጠጥታለች፤ ታንከሯ 55 ሊትር ነው። ከቤት ሞልቶ አዋሽ ላይ መድገም፣ ሰመራ ላይ መሙላት። ከሰመራ ታጁራ 400 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ያደርሳል። ቤንዚን ቢጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን አልነካም፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም። 20 ሊትር በብረት ጀሪካን ይዘን ጋላፊ ሳንደርስ ታንከር ውስጥ እንገለብጠዋለን፤ ድንበር ላይ ጀሪካን ነዳጅ ይዞ መታየት ጥያቄ ያመጣል። ማደያ ክፍያ በስልክ ስለሆነ ቴሌብሩ ላይ ገንዘብ፣ ስልኩ ላይ ባትሪ ይኑር።

ውሃ ለሰው በቀን 5 ሊትር፣ ለራዲያተር ለብቻው አንድ ጀሪካን። እናቴ ጭኮ ልሥራላችሁ አለች፤ ቅቤው ሰመራ ላይ ወጥ እንደሚሆን አስረድቼ በበሶና በዳቦ ቆሎ ተስማማን። አጎበርም ገዝተናል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ የከተማ ወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 እኛ ዘንድ ታይታለች፤ በበርሜልና በጋን ውሃ ስለምትራባ ከተማ ውስጥ ነኝ ብሎ መዘናጋት የለም።

ታኅሣሥ 25

የመጨረሻው ሠንጠረዥ፣ አጎቴ ያጸደቀው።

ቅዳሜ ጥር 2፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሽሮሜዳ፤ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ፣ ፍሬን ሳያግሉ፤ አዋሽ ከ5 በፊት፣ እዚያው ማደር። እሑድ 12 ሰዓት ከአዋሽ፣ ገዋኔ ላይ ቁርስ፤ ሚሌ 5 ሰዓት (መልሴ ይኸው)፣ ሰመራ 7። ሰኞ ገና ሲነጋ ተነሥቶ ጋላፊ ቢሮው ሲከፈት መድረስ፣ ዲክሂል ምሳ፣ አሳልን ከላይ አይቶ ማለፍ፣ ጨለማ ሳይዝ ታጁራ። እዚያ ሁለት ሙሉ ቀን። ልጄ ዌል ሻርክ (ግዙፉን ሻርክ) ካላየሁ ብሏል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጉበት ባሕር አካባቢ ይመጣሉ፤ ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) እንጂ ሰው አይበሉም፤ ጀልባ ከተገኘ እንሞክራለን።

መልስ ሐሙስ ጥር 7፤ ዓርብ የጅቡቲ ዕረፍት ስለሆነ ድንበሩን በሱ ቀን አንነካም። ሐሙስ ሰመራ፣ ዓርብ አዋሽ ማደር። ቅዳሜ ጥር 9 ገና ሲነጋ ከአዋሽ ተነሥቶ ፀሐይ ሳይጠነክር አዳማን ማለፍ፤ በቀይ የጻፍኩት ይህ ነው። ከተራ እሑድ ነው፣ ቤት እንደርሳለን።

የቀረ ሥራ፦ የፍሬን ዘይት መቀየር፣ የፊት መብራት ማስተካከል፣ ሁለት ፊውዝ መግዛት። የፊት ወንበር ላይ ባለቤቴና አጎቴ ገና አልተስማሙም።